ኢኩዊያኖ ለነፃነቱ 40 ፓውንድ ከፈለ፤ መክፈል ነበረበት?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ መጽሐፍ አነብላታለሁ። ዓይኗ ስለደከመ ራሷ ማንበብ ትታለች። እንግሊዝኛ ደግሞ ድሮም አታውቅም። ስለዚህ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ሦስት አራት ገጽ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሑድ ትሰማኛለች። አሁን የያዝነው ኦላውዳ ኢኩዊያኖ የራሱን ሕይወት ጽፎ በ1789 ሎንደን ላይ ያሳተመውን መጽሐፍ ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እሱ እንደጻፈው የተወለደው በ1745 ገደማ፣ ዛሬ ናይጄሪያ በሚባለው አገር፣ በኢግቦዎች ምድር ነው። 11 ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን አባትና እናቱ ወደ እርሻ እንደወረዱ ባሪያ ፈንጋዮች አጥር ዘለው ገቡ። እሱንና እህቱን አፍነው ወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ ከእህቱ ለዩት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ከባሕሩ ጠረፍ ደረሰ። መርከብ ላይ ተጭኖ ባርባዶስ፣ ከዚያ ቨርጂኒያ ገባ። እዚያ ማይክል ፓስካል የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ገዛውና በአንድ የስዊድን ንጉሥ ስም ጉስታቩስ ቫሳ አለው። ልጁ ይሄን ስም አልቀበልም አለ። በኩርኩም አስለመዱት።

ከፓስካል ጋር ዓመታት በጦር መርከብ ላይ ኖረ፤ ጦርነትም አየ። ሲያልቅ ነፃ እወጣለሁ ብሎ ጠበቀ። በ1762 መጨረሻ ፓስካል ለሌላ ካፒቴን ሸጠው። ያኛው ካሪቢያን ወስዶ ሞንትሴራት ደሴት ላይ ለሮበርት ኪንግ ሸጠው። ኪንግ የፊላዴልፊያ ሰው ነው፤ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን፣ ነጋዴ።

እናቴን ቀልቧን የሳባት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኢኩዊያኖ በኪንግ መርከቦች ላይ ከደሴት ደሴት ይመላለሳል። እጁ ላይ ያለችው 3 ፔኒ ብቻ ናት። ሴንት ዩስታቲየስ በምትባል የሆላንዶች ደሴት አንድ ብርጭቆ ገዛባት። ሞንትሴራት ሲመለስ በ6 ፔኒ ሸጣት። በሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ብርጭቆ ገዛ፤ ከዚያ አራት። ከዚያ ሁለት ብርጭቆና አንድ ማሰሮ ጂን። አንዳንዴ ነጮቹ እቃውን ወስደው ሳይከፍሉት ይቀራሉ። አንዴ ሳንታ ክሩዝ ደሴት ላይ ሎሚና ብርቱካኑን ነጠቁት፤ ለምኖ ለምኖ አስመለሰ። የጓደኛው ግን አልተመለሰም። ከራሱ ሲሶውን ለጓደኛው አካፈለ።

ኪንግ 40 ፓውንድ ካመጣህ እለቅሃለሁ ብሎት ነበር። በ1766 ኢኩዊያኖ 47 ፓውንድ ይዞ ሰውዬው ቁርስ ላይ ሳለ ከፊቱ ቆመ። ኪንግ ደነገጠ። ይህን ያህል ቶሎ ያገኛል ብሎ ቢያስብ ኖሮ ቃል ባልገባም ነበር። የመርከቡ ካፒቴን ፋርመር አብሮ ሄዶ ባያግባባው ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። ወረቀቱ ጁላይ 10 ቀን 1766 ተፈረመ።

እዚህ ላይ ስደርስ እናቴ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የገዛ ላቡን ለምንድነው ለዚያ ሰውዬ የከፈለው ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። 40 ፓውንዱን መክፈሉ ኪንግ በእሱ ላይ መብት አለው ብሎ መቀበል አይሆንም? እኔ መክፈል አልነበረበትም ባይ ነኝ። ማምለጥ ይችል ነበር። ጓዴሎፕ ላይ ነጮቹ መርከበኞች ከድተው ለፈረንሳይ መርከቦች ሲቀጠሩ እሱንም ና ብለውታል፤ እምቢ አለ።

ሁለተኛ፣ የቃል ችግር አለብኝ። ኪንግ የፈረመው ወረቀት ሙሉ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ ታትሟል። ነፃ አውጥቼዋለሁ ለማለት አራት ግስ ይደረድራል። እኔ ያለኝ አንድ ነው። አማርኛ የጠገባችሁ እርዱኝ።

(ውይይቱ ሦስት ሳምንት ስለሄደ ዘግይተው ለሚገቡ ስል መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ከእናቴ ጋር ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ ጻፈና ለእሷ ሰላምታ ላከ። መጽሐፉን አንብቦታል። ኪንግ ራሱ ኢኩዊያኖ በዓመት ከመቶ ፓውንድ በላይ እንደሚያተርፍለት ያምን እንደነበር አስታወሰን። እንግዲህ ሂሳብ ይተሳሰቡ ከተባለ ባለዕዳው ኪንግ ነው። ይህን ነገር አንብቤው አልፌ ነበር። እሱ ከጻፈ በኋላ ነው የከነከነኝ።

መልስ 2 እና 3። ሁለተኛው አራሚ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 70 ፓውንድ እንጂ 40 አይደለም፣ በደንብ ሳታነብ ሰው አታሳስት የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጠኝ። ትንሽ ቆምጠጥ ያለ ነበር። እውነትም ከፍቼ ሳየው 70 ይላል። ሦስተኛው መልስ ግን ነገሩን አጠራው። 70ው በሞንትሴራት ገንዘብ ነው። በእንግሊዝ ስተርሊንግ ሲመነዘር 40 ይሆናል። ስለዚህ ሁለታችንም ትክክል ነን። ይኸው ሰው ወረቀቱን የጻፈው ጸሐፊ ለኢኩዊያኖ ደስታ ብሎ የጽሕፈቱን ዋጋ በግማሽ እንደቀነሰለትም ጨመረ።

መልስ 4። ይህን የጻፈችው ልጅ ብዙ ሰው ልብ ያላለው መሰለኝ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ማምለጥ ይችል ነበር ያልኩትን አልተቀበለችም። የት ይሄዳል ነው ጥያቄዋ። በዚያ ዘመን ካሪቢያን ውስጥ የጥቁር ሰው ምስክርነት በነጭ ላይ ፍርድ ቤት አይሰማም። ያመለጠ ሰው ዕድሜ ልኩን ታዳኝ ነው። ወረቀት ያለውም ቢሆን አይተርፍም። ማስረጃዋን ያመጣችው ከዚያው ከመጽሐፉ ነው። ጆሴፍ ክሊፕሰን የሚባል ነፃ ሰው ነበር፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ከኢኩዊያኖ ጋር አንድ መርከብ ላይ የሚሠራ። የቤርሙዳ ካፒቴን መርከቡ ላይ ወጣና አንተ ነፃ አይደለህም አለው። ክሊፕሰን ነፃ ሆኖ መወለዱን የሚያሳይ ወረቀት አወጣ። ማን አይቶለት! ባሉበት ጎትተው ወሰዱት። ቤተሰቡን እንኳ አልተሰናበተም። ኢኩዊያኖ ይህን በዓይኑ አይቷል።

ልጅቷ በዚህ አላበቃችም። ኢኩዊያኖ ራሱ ነፃ ከወጣ በኋላ አሜሪካ፣ ሳቫና ከተማ ላይ ሁለት ነጮች ያመለጠ ባሪያ ነው ብለው ሊይዙት ሞክረዋል። ያዳነው አፉ ነው። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ስለነበረና ስላልፈራቸው ተዉት። እና ወረቀት ይዞ እንዲህ የሆነ ሰው ያለ ወረቀት ምን ሊሆን ነበር? ለዚህ ጥያቄዋ መልስ የሰጣት የለም። እኔም አልሰጠኋትም።

መልስ 5። የታሪክ መምህር ነኝ ያሉ አባት ገቡ፤ አንቱ እያሉ፣ በትሕትና። ይህ የእናቴ ጥያቄ በ80 ዓመት ዘግይቶ ከባርነት ባመለጠው አሜሪካዊ በፍሬድሪክ ዳግላስ ላይም መነሣቱን አስረዱ። ዳግላስ በ1845 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ጌታው ማን እንደሆነ ጽፎ ስለነበር እንዳይያዝ ወደ ብሪታንያ ሄደ። የእንግሊዝ ወዳጆቹ በ1846 ወደ 150 ፓውንድ አዋጥተው ነፃነቱን ከጌታው ገዙለት። ያኔ ከራሱ ከፀረ ባርነት ወገን የተቆጡ ነበሩ፤ ሰውን እንደ ዕቃ ለሚቆጥር ሕግ ገንዘብ ከፈላችሁ ብለው። ዳግላስ ክፍያውን ደግፎ መልስ ሰጣቸው።

መምህሩ አክለው እኔን በጨዋነት ገሠጹኝ። በ40 ፓውንዱ የተቆጣ ሰው በ20 ሚሊዮኑ ለምን ዝም ይላል ነው ነገራቸው። እንግሊዝ በ1833 ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መድባለች። የተከፈለው ለባሪያ ጌቶች ነው። ባሪያ የነበሩት ምንም አላገኙም፤ ጭራሽ እስከ 1838 ድረስ የሥራ ልምምድ በሚል ስም ለእነዚያው ጌቶች በነፃ ሲሠሩ ቆዩ። ለዚያ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። እኔ እንግሊዝ አገር ግብር ከፋይ ነኝ። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ።

መልስ 6፣ 7 እና 8። እዚህ ወሬው ትንሽ ወጣ አለ። አንዱ ፒዲኤፉን ላኩልኝ አለ። ሌላው ኢኩዊያኖ በ1773 ወደ ሰሜን ዋልታ በሄደ የእንግሊዝ ጉዞ ላይ እንደነበረ፣ ኋላ ስመ ጥር አድሚራል የሆነው ኔልሰንም ያኔ ልጅ ሆኖ በሌላኛው መርከብ ላይ እንደነበረ ነገረን። ሦስተኛዋ ኢኩዊያኖ በረዶ መጀመሪያ ያየ ዕለት ጨው መስሎት መቅመሱን አንስታ እሷም ስዊድን የገባች ዕለት ያደረገችውን አጫወተችን። ደስ የሚል ነበር። ግን ሰሜን ዋልታውን ልብ በሉት፤ ለቀጣዩ መልስ በር ከፈተ።

መልስ 9። ድምፁ ተቀየረ። ይህ ሰው ሁላችንንም የዋሆች ብሎ ጀመረ። ኢኩዊያኖ አፍሪካ ውስጥ አልተወለደም ባይ ነው። ቪንሰንት ካሬታ የተባለ ምሁር ያወጣቸውን ሁለት መዝገቦች አቀረበ። አንደኛው በ1759 ዌስትሚኒስተር ቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ የተጻፈው ነው፤ ካሮላይና የተወለደ፣ የ12 ዓመት ልጅ ይላል። ሁለተኛው የዚያው የ1773 ጉዞ የመርከበኞች ዝርዝር ነው፤ እሱም ደቡብ ካሮላይና ይላል። ስለዚህ የፍንገላው ታሪክ፣ የእህቱ ለቅሶ፣ የመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለው ግማት ሁሉ ተረት ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 10። ሌላ ሰው ረጋ ብሎ መለሰለት። መዝገቦቹ እውነተኛ መሆናቸውን አልካደም። ግን ፖል ላቭጆይ የተባለ ሌላ የታሪክ ሰው ይህን ድምዳሜ ተቃውሟል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የኢግቦ ቃላትና ወጎች፣ በተለይ ለማዕረግ ሲባል ግንባር ላይ የሚበጣው ምልክት፣ በልጅነቱ እዚያ ከኖረ ሰው የሚጠበቁ ናቸው ይላል። ጸሐፊው አንድ ጥያቄ ጨመረ። ጥምቀቱ ላይ የትውልድ ቦታውን ለጸሐፊው የነገረው ልጁ ነው ወይስ ያመጡት ሰዎች?

መልስ 11። 9ኛው ተመልሶ መጣና የ1773ቱንስ ምን ልትሉት ነው፣ ያኔ ሙሉ ሰው ነው አለ። አነጋገሩ ባይጥመኝም ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልስ 12 የእኔ ነው። እዚህ ላይ ሐሳቤን ገለጽኩ። ኢኩዊያኖ በሕይወት ሳለ፣ በ1792፣ የሎንደን ጋዜጦች የተወለደው ሳንታ ክሩዝ ነው ብለው ጽፈውበት ነበር። አልሸሸም። በሚቀጥለው እትም መግቢያ ላይ መልስ ሰጠ። ያኔ በመጽሐፉ ላይ የተነሡት በባሪያ ንግድ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የእንግሊዝ ምክር ቤት ስለ ንግዱ በሚከራከርበት ሰዓት፣ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ወጥቶ የሚናገር አፍሪካዊ ምስክር ማለት ትልቅ ነገር ነው። እኔ እሱን አምነዋለሁ። ካሮላይና ተወልዶ ቢሆን እንኳ የሌሎችን ሰቆቃ ሰብስቦ ጻፈ ማለት ነው፤ ያ መርከብ ግን ነበረ። አፍሪካን ከለቀቁት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ 10.7 ሚሊዮን ብቻ ናቸው በሕይወት ማዶ የደረሱት። የቀሩት ባሕር ውስጥ ናቸው።

መልስ 13። ይህኛው ከሁሉ ይበልጥ አመመኝ። አንዲት ሴት ምንም ስድብ ሳትጨምር፣ በአጭሩ፣ ኢኩዊያኖ ራሱ ባሪያ መግዛቱን ታውቃላችሁ ወይ ስትል ጠየቀች። በ1776 ዶክተር ኧርቪንግ ከሚባል ሰው ጋር መካከለኛው አሜሪካ፣ ሞስኪቶ ጠረፍ ላይ እርሻ ሊያቀኑ ሄደው ነበር። በመንገዳቸው ጃማይካ ላይ ለእርሻው ሰዎች ተገዙ። መራጩ ኢኩዊያኖ ነው። የመረጠውም የራሱን አገር ሰዎች ነው። ነፃ ከወጣ 10 ዓመቱ ነበር።

መልስ 14 እና 15። 14ኛው ዘመኑ ነው፣ በዚያ ዘመን ሁሉም እንዲህ ነበር ብሎ ሊሸፍንለት ሞከረ። 15ኛው ይህን አልወደደውም። ዘመኑ ነው ካልን ኪንግንም ዘመኑ ነው ልንለው ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ከዚያ ሌላ ነገር አመጣ። መጋቢት 1783 ላይ ኢኩዊያኖ ግራንቪል ሻርፕ ወደሚባለው የባሪያዎች ተሟጋች ቤት ሄዶ ስለ ዞንግ መርከብ የነገረው እሱ ነው። በ1781 የዚያች መርከብ ሰዎች ውሃ አነሰን ብለው ከ130 የሚበልጡ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ወረወሩ። ባለመርከቦቹ ለእያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ የኢንሹራንስ ገንዘብ ጠየቁ። ፍርድ ቤት የታየውም እንደ ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። በነፍስ ግድያ የተከሰሰ አንድም ሰው የለም። ይህ ነገር በሕዝብ ጆሮ የገባው ኢኩዊያኖ ዝም ስላላለ ነው። 1776ም 1783ም የአንድ ሰው ሕይወት ናቸው አለ 15ኛው፤ አንዱን ለማጥፋት ሌላውን አታምጡ አለ።

እኔ ያን ምዕራፍ ገና አልደረስኩበትም ነበር። ያን ማታ ዘልዬ አነበብኩት። ኢኩዊያኖ ከዚያ ሲለቅ በእሱ ቦታ የተተካው ነጭ አለቃ ሰዎቹን እየገረፈ አሰቃያቸው። በአንድ ትልቅ ታንኳ ለማምለጥ ሞከሩ። መቅዘፍ አያውቁም፣ የሚሄዱበትን አያውቁም። ሁሉም ሰጠሙ። ይህንም የጻፈው ራሱ ነው። ሌላ ማንም ሊያጋልጠው አይችልም ነበር። መብራቱን አጥፍቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

መልስ 16። ይህ ደግሞ ቁጣ ነው። የራሳችሁን ጓዳ ሳትጠርጉ የፈረንጅ ግቢ ትጠርጋላችሁ የሚል። በእኛ አገር ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስንሆን እናስቀራለን ብለን ቃል ገብተን ነበር። ፈንጋይ የሚለውን ቃል እንኳ ከእንግሊዝኛ አልተረጎምከውም፣ ከነሥራው የራሳችን ነው አለኝ። ኃይለ ቃሉ በዛ እንጂ ያለው ሐሰት አይደለም።

መልስ 17። አድሚን ሰረዘው። ምን እንደነበር ያየ ያውቃል።

መልስ 18። መምህሩ (5ኛው) ተመልሰው ነገሩን አበረዱ። 16ኛውን ልጄ ብለው ጀመሩና እውነትህን ነው፣ ግን የእኛም ኢኩዊያኖዎች አሉ አሉ። ኦኔሲሞስ ነሲብን አነሱ። በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ተፈንግሎ ደጋግሞ ተሸጠ። በ1870 ምጽዋ ላይ ሙንዚንገር የሚባል ስዊስ ገዝቶ ነፃ አወጣው። ለእሱም ተከፍሎለታል ማለት ነው። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ከባርነት የወጣች ናት፤ በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱ ሥራ ነው። በ1888 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴ ጀልባዎች ያወጣቸው የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። 64ቱ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። እያንዳንዳቸው እንዴት እንደተያዙ ተናግረው ተጽፎላቸዋል። ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት የታሰረው ኔቪል አሌክሳንደር የአንዷ የልጅ ልጅ ነው። ይህን እኔ ጨርሶ አላውቅም ነበር።

መልስ 19። አንዲት እህት የአያቷን ግቢ አስታወሰች። ልጅ ሳለች እዚያ ቤት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጠዋት ማንም ሳይነሣ እሳት የሚያያይዙ፣ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ የሚተኙ። ከሁሉም ጋር አንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ ልጅ ሆና ምክንያቱ አይገባትም ነበር። ቤቱ ባወጣላቸው ስም ነው የሚጠሩት። ሲሞቱ ለቀብር ዋናው ስማቸው ሲጠየቅ የሚያውቅ ጠፋ። ጉስታቩስ ቫሳ የሚለውን ስም ሳነብ እሳቸው ትዝ አሉኝ ብላ ጨረሰች። ከዚህ በታች ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

መልስ 20። ዝምታውን የሰበረው የመጽሐፉን መጀመሪያ የከፈተ ልጅ ነው። ኢኩዊያኖ አገሩን ሲገልጽ የቤኒን መንግሥት ወደ ውስጥ እየሰፋ ሄዶ የሚያበቃው የሐበሻ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ጋ ሳይሆን አይቀርም ማለቱን አገኘ። ከዚያች መስመር ብዙ ነገር ለማውጣት አልሞከረም። ስማችንን እዚያ ሲያይ እንደደነገጠ ብቻ ጻፈ።

መልስ 21። ይህን የጻፈችው ቤይሩት ሰው ቤት የሠራች ናት። የእኔን ጥያቄ የመለሰችልኝ እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ለመውጣት ስትጠይቅ አሠሪዋ ለኤጀንሲ የከፈልኩትን መልሺና ሂጂ አለቻት። ፓስፖርቷ በእነሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሰባት ወር ያጠራቀመችውን ገንዘብ በፌስታል ጠቅልላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሴትየዋ ሁለቴ ቆጠረችው። ከዚያ ቁልፉን አመጣች። የእሷን ታሪክ ከኢኩዊያኖ ጋር እኩል እንዳናደርገው ተማጸነችን፤ እሷ አልተሸጠችም፣ የምትመለስበት አገርና ቤት ነበራት። ግን ገንዘቡን ስታስቀምጥ ሴትየዋ መብት አላት ብላ አንድም ቀን አላሰበችም። ያሰበችው ፓስፖርቷን ብቻ ነው። ለእናትህ እንዲህ በላቸው ብላኛለች።

መልስ 22። መክፈል አልነበረበትም ያልኩትን እዚህ አነሣሁ። ስህተቴ የነበረው በሩን የቆለፈውን ሰው ትቼ የከፈተውን መጠየቄ ነው። እናቴም ብትሆን ለምን ከፈለ ስትል ኢኩዊያኖን አልወቀሰችም፤ አሁን ነው የገባኝ። ኪንግን ነው የወቀሰችው።

መልስ 23። የቃሉን ነገር ሁሉም ረስተውት ነበር። አንድ የግዕዝ አስተማሪ አስታወሱት። አማርኛ ለዚህ ነገር ድሃ አይደለም አሉ። ሐራ ማውጣት አለ፤ ባሪያን ከጌትነት ሥር ማውጣት ማለት ይኸው ነው። አርነት አለ፤ ከዚያው ከሐራ ሥር የመጣ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የምናውቀው። አግዓዘ አለ፤ ግዕዛን ሰጠ ማለት ነው። አራተኛው ነፃ ማድረግ። አራት ለአራት ሞላልኝ።

መልስ 24። ሌላው አግዓዘ የሚለው ለአሮጊት እናት ይከብዳል፣ ተወው አለ። ግዕዝ ለመርጨት ካልሆነ በቀር ማን ይለዋል ብሎ ትንሽ ነካ አደረጋቸው።

መልስ 25። አስተማሪው ሳይቆጡ መለሱ። እናቱ በየትንሣኤው አግዐዞ ለአዳም እያሉ አርጅተዋል፤ ከእኔና ከአንተ ይልቅ ቃሉ የእሳቸው ነው አሉ። 24ኛው ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 26። ያቺ የ4ኛው መልስ ልጅ ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ጨመረች። ኢኩዊያኖ መጽሐፉን ያሳተመው ለአሳታሚ ሸጦ አይደለም። አንባቢዎችን አስቀድሞ አስፈርሞ፣ መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ነው። እስከ 1794 ዘጠኝ ጊዜ ታተመ። አየርላንድ ብቻ ዞሮ 1,900 ቅጂ ሸጧል። ብርጭቆ እንደሸጠው መጽሐፉንም በእጁ ሸጠ። በ1792 ሱዛና ከለንን አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። በ1797 ሞተ፤ የባሪያ ንግዱ በሕግ ሲቆም፣ በ1807፣ አላየም። ትልቋም ልጁ በዚያው በሞተበት ዓመት ሞተች። ትንሿ ጆአና በ1816 21 ዓመት ሲሞላት የአባቷን ውርስ 950 ፓውንድ ተቀበለች።

መልስ 27 የእኔ ነው። ትናንት እሑድ ወረቀቱን ለእናቴ እንደገና አነበብኩላት። ሐራ አወጣሁት፣ አርነት ሰጠሁት፣ አግዓዝኩት፣ ነፃ አደረግሁት፣ ለዘለዓለም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። አግዐዞ ለአዳም አለች፤ እኔ ምንም ሳልነግራት። የቤይሩቷን ልጅ ታሪክም ነገርኳት። ስሟን ጠየቀችኝ፤ በጸሎቷ ልታስባት። ስምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ እህቴ፤ የክርስትና ስም ካለሽ እሱን።

የሞስኪቶ ጠረፉ ምዕራፍ ገና ብዙ እሑዶች ይቀሩታል። ሳልዘል አነብላታለሁ።